«ጆኒ ቢ. ጉድ»፦ ሸክላውና መድረኩ

«ጆኒ ቢ. ጉድ» ቸክ ቤሪ ጽፎ የተጫወተው፣ እ.ኤ.አ. በ1958 የጸደይ ወራት ቼስ በተባለው የቺካጎ ሸክላ አሳታሚ ለገበያ የቀረበ የሮክ ኤንድ ሮል ዘፈን ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። ቤሪ በስቱዲዮ ያስቀረጸውና ዓለም የሚያውቀው ሸክላ አንድ ሲሆን ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። የመድረክ ቅጂዎቹ ግን ብዙ ናቸው። እሱ ራሱ በየአገሩ ተጫውቶታል፣ ሌሎችም እየወሰዱ በየፊናቸው ተጫውተውታል፤ አንዱ ከሌላው በፍጥነት፣ በርዝመትም ሆነ በመሣሪያ ድርድር አይገጥምም።

አጥንቱ ቀላል ነው። ዜማው በብሉዝ የተለመደውን የአሥራ ሁለት ባር ዙር ይከተላል፤ እያንዳንዱ ባር አራት ምት አለው፣ ኮርዶቹም ሦስት ብቻ ናቸው። ሸክላው ላይ እነዚህ ቢ ፍላት፣ ኢ ፍላትና ኤፍ ናቸው። ስንኙ አንድ ዙር ይወስዳል፣ አዝማቹ ሌላ ዙር፣ የጊታር ሶሎውም የሚጋልበው በዚያው ዙር ላይ ነው። ግጥሙ በሉዊዚያና ጫካ ጎጆ ውስጥ ስለሚኖር፣ ማንበብና መጻፍ ሳይሆንለት በጊታር ግን ሰው ስለሚያስደምም ልጅ ይተርካል። ጉድ የሚለው የአባት ስም ቤሪ በ1926 ከተወለደበት የሴንት ሉዊስ ጎዳና ስም የመጣ ነው። ጆኒ የሚለው ደግሞ በከፊል ከረጅም ዘመን የፒያኖ ባልደረባው ከጆኒ ጆንሰን ተወስዷል። ይሁንና ስሙን ያዋሰው ሰው ሸክላው ላይ የለም፤ ፒያኖውን የያዘው ላፋዬት ሊክ ነው። ቤዙን ዊሊ ዲክሰን፣ ድራሙን ፍሬድ ቢሎው ተጫውተዋል፤ ሦስቱም የቺካጎ ብሉዝ ሰዎች ናቸው።

ሸክላው የሚጀምረው በብቸኛ ጊታር ነው። ይህ መግቢያ አዲስ ፈጠራ አልነበረም። የሉዊስ ጆርዳን ጊታር ተጫዋች ካርል ሆጋን በ1946 በተቀረጸ ዘፈን መክፈቻ ላይ ያንኑ ዜማ ከሞላ ጎደል እንዳለ ተጫውቶታል፤ ቤሪም የሆጋን ባለዕዳ መሆኑን አልደበቀም። ልዩነቱ ሆጋን በአንድ ክር የሚያወጣውን ድምፅ ቤሪ ሁለት ክር በአንድ ጊዜ እየመታ ማወፈሩ ነው። ከዚያ በኋላ በሚሰማው ውስጥ የስቱዲዮው እጅ አለበት፤ ቤሪ በአንድ ቀረጻ ላይ ሌላ የራሱን ጊታር ደርቦበታል። ስለዚህ አንዱ ጊታር ምቱን ሲያስኬድ ሌላው ለድምፃዊው መልስ ይሰጣል፤ ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው። ድምፁ ከሁሉም ፊት ተቀምጧል፤ ቤሪ ቃላቱን ጥርት አድርጎ ስለሚያወጣ ታሪኩ አንድም ቦታ አይጠፋም። የሊክ ፒያኖ ከኋላ፣ በቀጫጭኖቹ ድምፆች በኩል፣ ሳያርፍ ይንቆረቆራል። ቃሉም ቢሆን በዚያው ጊዜ የተስተካከለ ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ ልጁ ጥቁር መሆኑ ተጠቅሶ ነበር፤ ዘፈኑ በሬዲዮ እንዲያልፍ ቤሪ ያንን «የገጠር ልጅ» ወደሚል ለውጦታል።

ከሁሉም በላይ ጆሮ ሊሰጠው የሚገባው ግን ምቱ ነው። ቢሎው ጃዝ የተማረ ከበሮ መቺ ስለነበር እያንዳንዱን ምት ለሁለት ሲከፍል እኩል አይከፍለውም፤ የመጀመሪያውን ግማሽ አስረዝሞ ሁለተኛውን ያሳጥራል። ጆሮ ላይ እንደ መወዛወዝ የሚሰማው ይህ ነው። የቤሪ ቀኝ እጅ ግን ምቱን እኩል ለእኩል እየቆረጠ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሁለቱ አንዱን መንገድ በተለያየ እርምጃ የሚጓዙ ይመስላሉ፤ ሳይጋጩም ሳይገጥሙም አብረው ይዘልቃሉ። የሸክላው ሕይወት ያለው በዚህ መሳሳብ ውስጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1950ዎቹ መጨረሻ ጃዝና ብሉዝ ያሳደጓቸው ከበሮ መቺዎች አዲሱን የጊታር ምት ገና እየተላመዱት ስለነበር፣ ይህ ድምፅ ታቅዶ የመጣ ሳይሆን የዘመኑ ሽግግር የተወው አሻራ ነው። ከዚያ በኋላ ያደጉት የሮክ ከበሮ መቺዎች ጊታሩን ተከትለው እኩል መምታት ጀመሩ። በመድረክ ቅጂዎች ላይ ዘፈኑ ይበልጥ ኃይለኛ ሆኖ ሳለ ያ ውዝዋዜ ያልተገኘውም ለዚህ ነው።

ቤሪ በመድረክ ላይ እንዴት ይሠራ እንደነበር ማወቅ ልዩነቱን ይበልጥ ያብራራዋል። በዝናው ዘመን አብዛኛውን ጊዜ የራሱን ባንድ ይዞ አይዞርም ነበር። ጊታሩን አንጠልጥሎ ብቻውን ይመጣል፣ ገንዘቡን አስቀድሞ ይቀበላል፣ አጃቢዎቹን አዘጋጁ ከዚያው ከተማ ይፈልግለታል። ልምምድ የሚባል ነገር እምብዛም የለም፤ ምን እንደሚጫወት እንኳ ለአጃቢዎቹ ሳይነግር የሚወጣበት ጊዜ ነበር። በ1973 ገና ብዙ ሰው ያላወቀው ብሩስ ስፕሪንግስቲን ከነባንዱ በዚህ መንገድ አጅቦታል፤ የዘፈኖቹ ዝርዝር ስላልተሰጣቸው የተጨነቁበትን ያን ምሽት ስፕሪንግስቲን ኋላ በፊልም ላይ እየሳቀ ተርኮታል።

እንዲህ ባለ መድረክ ላይ የመግቢያው ጊታር ሥራው ሌላ ነው። ሸክላው ላይ ጌጥ ነበር፤ እዚህ ግን ለአጃቢዎቹ ምልክት ሆኖ ዘፈኑ የትኛው እንደሆነ፣ በምን ድምፅ እንደሚጫወቱት፣ ምን ያህል እንደሚፈጥን በጥቂት ሰከንድ ይነግራቸዋል። ቀሪውን የአሥራ ሁለቱ ባር ዙር ይሸከመዋል፤ ብሉዝ የሚያውቅ ሁሉ መንገዱን ያውቀዋልና። የተደረበው ጊታር ግን የለም። ቤሪ መልስ ሲሰጥ የምቱ ጊታር ይቋረጣል፣ ምቱን ሲይዝ መልሱ ይቀራል፤ ክፍተቱን የሚሞላ ሁለተኛ ጊታረኛ ከሌለ ድምፁ ይሳሳል። በሶሎው መሃል በአንድ እግሩ አጎንብሶ ሌላውን ወደ ፊት ዘርግቶ መድረኩን ሲያቋርጥ ደግሞ (ይህ የዳክዬ አካሄድ የሚባለው ነው) አንዲቱን ሐረግ ደጋግሞ ይመታል። አዳራሽ ውስጥ ለነበረ ሰው ያ የምሽቱ ጫፍ ነው፤ በሸክላ ለሚያዳምጥ ግን ያለ ምክንያት የተራዘመ ድግግሞሽ ይመስላል።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው በየካቲት 1972 በእንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ ከተማ በተካሄደ የጥበብ ፌስቲቫል ላይ የተቀረጸው ነው። «የለንደን ቆይታ» የሚል ሐሳብ ያለው ርዕስ ይዞ በወጣው አልበም ላይ አንደኛው ገጽ የስቱዲዮ፣ ሌላው የመድረክ ሲሆን «ጆኒ ቢ. ጉድ» የመድረኩን ገጽ ይዘጋል። አጃቢዎቹ እንግሊዝ አገር የተገኙ ወጣቶች ናቸው። ምቱ ቀጥ ያለ፣ አጣዳፊ ነው። ቃላቱ አንዳንዴ በሕዝቡ ጩኸት ይዋጣሉ፤ ታዳሚው ታሪኩን ስለሚያውቀው ግን የጎደለበት ነገር የለም። ቤሪ ከወረደ በኋላ አዘጋጆቹ አዳራሹ እንዲለቀቅ ሲለምኑ፣ ሕዝቡ ስሙን እየጠራ እምቢ ሲል ይሰማል። ከዚሁ ምሽት የተወሰደ ሌላ ቀልደኛ ዘፈን በአሜሪካም በብሪታንያም አንደኛ ወጣ። ቤሪ በአሜሪካ ጠቅላላ የፖፕ ሰንጠረዥ አንደኛ የሆነው በዚያ ብቻ ነው፤ «ጆኒ ቢ. ጉድ» በ1958 ከስምንተኛ አላለፈም ነበር።

የጂሚ ሄንድሪክስ ቅጂ በግንቦት 1970 በካሊፎርኒያ በርክሊ ከተማ ተቀርጾ ከሞቱ በኋላ ነው የታተመው። እዚህ ፒያኖ የሚባል የለም፤ ያሉት ጊታር፣ የቢሊ ኮክስ ቤዝና የሚች ሚቸል ድራም ብቻ ናቸው። ሊክ በፒያኖ ይሞላው የነበረውን ቦታ ከፍ ብሎ የተከፈተ አምፕሊፋየር ይይዘዋል፤ አንድ ኖታ ከተመታ በኋላ እየጮኸ ስለሚቆይ ክፍተት አይገኝም። ፍጥነቱ ከሸክላው እጅግ ይበልጣል፤ የልጁ ታሪክም ወደ ኋላ ቀርቶ ሶሎው ዋናውን ቦታ ይወስዳል። ቤሪ ስለ ጊታረኛ ልጅ ይተርክ ነበር፤ ሄንድሪክስ ልጁን ሆኖ ይጫወታል።

የመድረክ ድምፅ ነው የተባለ ሁሉ ግን ከመድረክ አይመጣም። ቼስ በ1963 ቤሪ በመድረክ ላይ ሲጫወት የተቀረጸ አስመስሎ ያወጣው አልበም በስቱዲዮ ቀረጻዎች ላይ የታዳሚ ጩኸትና ጭብጨባ ተጨምሮበት የተሠራ ነው። ማጭበርበሩን የሚያጋልጠው ራሱ ሙዚቃው ነው፤ ሕዝቡ ሲጮህ ድምፃዊው አንዴም አይናወጥም።

በ1985 የወጣው «ባክ ቱ ዘ ፊውቸር» ፊልም ተመሳሳይ ነገር አድርጓል፤ እሱስ ፊልም ነውና አይወቀስም። ከወደፊቱ የመጣው ወጣት በ1955 የትምህርት ቤት ጭፈራ ላይ፣ ማለትም ሸክላው ከመውጣቱ ሦስት ዓመት በፊት፣ ዘፈኑን ለማያውቁት ሙዚቀኞች በምን ድምፅ እንደሚጫወቱት ይነግራቸውና እሱን እያዩ እንዲከተሉ ያዛል። ይህ ቤሪ በየከተማው ያደርገው ከነበረው ጋር ይገጥማል። የተሰማው ግን በስቱዲዮ የተሠራ ነው፤ ጊታሩን ቲም ሜይ ተጫውቶ፣ ድምፁን ማርክ ካምቤል ሰጥቶ፣ ተዋናዩ ማይክል ጄ. ፎክስ በእጁና በከንፈሩ ተከትሎታል።