የውኃው ሞተር ስልክ ቢኖረው

ስልክ ሰው ከሰው ጋር የሚነጋገርበት መሣሪያ መሆኑን የማያውቅ የለም። በአገራችን የመጀመሪያው ረጅም የስልክ መስመር በአፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው ሲሆን፣ ርዝመቱም 477 ኪሎ ሜትር ነበር። የእጅ ስልክ ወደ አገራችን የገባው ግን እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬ በደነባ ገበያ ምስሩን የሚሸጥ ገበሬ ዋጋ የሚያጣራው በኪሱ በያዘው ስልክ ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ ለአንባብያን ልገልጽ የምወደው ግን ስለ ሰው ስልክ አይደለም። ሰው በሌለበት ስለሚናገረው ስልክ፣ ይኸውም በውኃ ሞተር፣ በመብራት ቆጣሪ፣ በዝናብ መለኪያና እነዚህን በመሳሰሉ ዕቃዎች ውስጥ ስለሚገባው ትንሽ ክፍል ነው። ባለሙያዎች ሞጁል ይሉታል።

ሞጁል ማለት ከሞባይል ስልክ ላይ መስተዋቱ፣ ቁልፉና ልባሱ ሁሉ ተገፎ የሚቀረው ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። መጠኑ ከቴምብር ብዙም አይበልጥም። እንደ ማንኛውም ስልክ ሲም ካርድ ይጎርሳል፤ 15 አኃዝ ያለው የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ አንቴናም ያስፈልገዋል። የሚነካ መስተዋት ስለሌለው ግን የሚታዘዘው በጽሑፍ ብቻ ነው። ማይክሮ ኮንትሮለር የምትባል ትንሽ ኮምፒዩተር በቀጫጭን ሽቦዎች «ኤቲ» ብላ ትጠራዋለች፤ እርሱም ደኅና ከሆነ «ኦኬ» ብሎ ይመልስላታል። ይህ መጥሪያ «ልብ በል» ማለት ከሆነው የእንግሊዝኛ ቃል ያጠረ ሲሆን፣ ሄይዝ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው ሞደም የታወቀ ነው። ኩባንያው ከፈረሰ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ቃሉ ግን እስከ ዛሬ በየሞጁሉ ውስጥ ይኖራል። ይህ ነገር እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ታዲያ ሞተር ምን የሚናገረው ነገር አለው? የሚል ሰው ቢኖር መልሱ ቀላል ነው፤ መቆሙን ይናገራል። አክስቴ የምትኖርበት ቀበሌ፣ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፣ ከጥልቅ ጉድጓድ ውኃ የሚስብ ሞተር አለው። ባለፈው ዓመት በየካቲት ወር ሞተሩ ቆመ። የቦኖው ጠባቂ መብራት የጠፋ መስሎት ሁለት ቀን ጠበቀ፤ ከዚያም ለኮሚቴው ነገረ፤ ኮሚቴው ደብዳቤ ጻፈ፤ መካኒኩ የመጣው በ14ኛው ቀን ነው። የተበላሸው አንድ የተቃጠለ ማብሪያ ብቻ ስለ ነበረ ሥራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። በእነዚያ 14 ቀናት ግን የአክስቴ ልጆች ከወንዝ ሲቀዱ ከትምህርት ቤት ቀርተዋል፤ ታናሺቱም በተቅማጥ ታማ ጤና ጣቢያ ተኝታለች። እንግዲህ ግማሽ ሰዓቱ የጥገና፣ የቀረው ሁሉ የወሬ መዘግየት ነበር ማለት ነው።

ይህ የእኛ ቀበሌ ችግር ብቻ አይደለም። በሩዋንዳ 181 የእጅ ፓምፖች ላይ ሞጁል ያለበት መሣሪያ ተገጥሞ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። በዚያ እንደ ተገለጸው፣ በተለመደው አሠራር አንድ የተበላሸ ፓምፕ እስኪጠገን የሚያልፈው መካከለኛ ጊዜ 152 ቀን ነበር። መካኒኮች በተወሰነ ፕሮግራም እየዞሩ ሲጎበኙ ወደ 57 ቀን ወረደ፤ መሣሪያው በሚልከው ወሬ ተመርተው ሲሄዱ ደግሞ ወደ 21 ቀን። አንባብያን ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ከ152 ወደ 57 ያወረደው ስልክ አለመሆኑን ነው፤ የሰው እግር ነው። ሞጁሉ የጠቀመው መሄድ የሚችል መካኒክ ስለ ነበረ ነው።

በአገራችንም በአፋር ክልል ይህንኑ የመሰለ መሣሪያ በጥልቅ ጉድጓድ ሞተሮች ላይ ተተክሏል። መሣሪያው ወደ ሞተሩ በሚሄደው የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ እንደ ቀለበት ይጠልቅና ኤሌክትሪክ ማለፉንና አለማለፉን ይለካል። ሽቦው አይቆረጥም፤ ሞተሩም አይከፈትም። ቀለበቱ የሚጠልቀው ግን በአንዱ ሽቦ ላይ ብቻ ነው፤ ሽቦዎቹ ሁሉ በአንድነት ከገቡበት መጪውና ተመላሹ ስለሚጣፉ ምንም አያነብም። ኔትዎርክ በሌለበት በረሃ ወሬውን በሳተላይት ይልካሉ። በአፋርና በሰሜን ኬንያ ከ200 በላይ የውኃ ቦታዎች በዚህ ዓይነት ተጠንተው እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ጽሑፍ፣ ዝናብ ከጠፋባቸው ወራት በኋላ ሞተሮቹ ዝናብ ከበዛባቸው ወራት ይልቅ 23 በመቶ ያህል አብልጠው እንደ ሠሩ ታይቷል። ይህም ማለት ሞተር የሚደክመው ሕዝቡ አጥብቆ በሚፈልገው ጊዜ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ ልመለስ። ሞጁል መግዛት ቀላል ነው፤ ማብላት ግን ከባድ ነው። በሳይንስ ክበባችን ያለው የሁለተኛው ትውልድ ሞጁል አንቀላፍቶ ሲውል የሚበላው እጅግ ጥቂት ነው። ከማማው ጋር ሲነጋገር ግን በአንድ አፍታ እስከ 2 አምፔር ይስባል። አፍታው የሴኮንድ አንድ ሺኛ እንኳ አይሞላም፤ በሴኮንድ ግን 217 ጊዜ ይደጋገማል። ስልክ ሊጠራ ሲል ከራዲዮ አጠገብ «ድርር፣ ድርር» የሚለውን የሰማ ሰው ሁሉ የሰማው ይህንኑ ነው።

መምህራችን ይህን ሊያሳዩን ሆን ብለው ሞጁሉን ከኮምፒዩተር ዩኤስቢ ላይ አበሉት፤ ዩኤስቢ በመደበኛው ከ0.5 አምፔር በላይ አይሰጥም። ሞጁሉ በራ፤ ማማ ፈለገ፤ ጠፋ፤ እንደ ገና በራ። ቴስተሩ ግን ቮልቱ ደኅና መሆኑን ያሳይ ነበር፤ እንዲህ አጭር የሆነ ውድቀት ለማየት ይዘገያልና። ከዚያ በኋላ መምህራችን ትልቅ ካፓሲተር በየዱት። ካፓሲተር ማለት እንደ ጋን ነው፤ ቧንቧው ቀጭን ቢሆንም ጋኑ ቀስ ብሎ ሞልቶ ከቆየ እንስራውን በአንድ ጊዜ መሙላት ይቻላል። ሞጁሉም ከዚያ ወዲያ አልጠፋም።

ሌላው አንቴናው ነው። ሞተር ቤቶች ብዙውን ጊዜ የቆርቆሮ ናቸው፤ የመብራት ሣጥኑም ብረት ነው። አንቴናውን በብረት ሣጥን ውስጥ መዝጋት አፍ እንደ መያዝ ይቆጠራል። ስለዚህ አንቴናው ከውጭ መውጣት አለበት። የኔትዎርኩን ብርታት ራሱ ሞጁሉ ከ0 እስከ 31 በሚደርስ ቁጥር ይናገራል፤ ከ10 በታች ከሆነ ቦታ መቀየር ይሻላል። እኛ በመማሪያ ክፍላችን መስኮት አጠገብ 19፣ በብረት ቁም ሣጥኑ ውስጥ 6 አግኝተናል።

መልእክቱን በምን ፊደል እንጻፈው? በሚለው ላይ በክበባችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንድ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል 160 ምልክት ሲይዝ በእኛ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው። እኔ በአማርኛ ይሁን ባይ ነበርሁ፤ አሁንም ነኝ። «ሞተሩ ቆሟል» ለማለት 70 ፊደል ይተርፋል፤ አንባቢውም የቦኖ ጠባቂ እንጂ መሐንዲስ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ አሳብ የሚጠይቀው ግን ዝምታ ነው። ሞጁሉ የሚናገረው ሞተሩ ሲቆም ብቻ ቢሆን፣ ዝም ባለ ጊዜ ምን እንላለን? ሞተሩ ደኅና ሆኖ ይሆናል። ባትሪው ሞቶም ሊሆን ይችላል፤ የሲም ካርዱ ሒሳብ አልቆም ይሆናል፤ ማማው መብራት አጥቶም ይሆናል። ሞጁል ደግሞ ሱቅ ሄዶ ካርድ አይሞላም። ስለዚህ በየማለዳው «ደኅና ነኝ» የሚል አንድ መልእክት እንዲልክ ይደረጋል፤ በአንድ ቀን ያልተሰማ እንደ ሆነ ሰው ይላካል። ኔትዎርክ በጠፋ ጊዜም ወሬውን ከነሰዓቱ መዝግቦ ይዞ፣ ሲመለስ እንዲልክ መታዘዝ አለበት።

የኔትዎርኩን ትውልድ መምረጥም ይገባል። በአሜሪካ ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ሁለተኛውን ትውልድ ሲዘጋ፣ በእርሱ ብቻ ይናገሩ የነበሩ መሣሪያዎች ዲዳ ሆነው ቀርተዋል። በአገራችን ሁለተኛው ትውልድ ዛሬም ይሠራል። ሞተር ግን ከአሥር ዓመት በላይ ሊያገለግል ስለሚችል፣ ዋጋው ከፍ ቢልም አራተኛውንም ሁለተኛውንም የሚያውቅ ሞጁል መግዛት ይሻላል እላለሁ። የክበባችን ሞጁል ሁለተኛውን ብቻ ያውቃል፤ ለሙከራ ይበቃል።

የአክስቴ ቀበሌ የውኃ ኮሚቴ ከፋሲካ በኋላ መሣሪያውን በሞተር ቤቱ እንድንሞክረው ፈቅዶልናል። ቀለበቱ፣ ባትሪውና ትንሹ ሶላር ተዘጋጅተዋል፤ ፕሮግራሙም ተጽፏል። የጎደለው አንድ መስመር ነው፤ መልእክቱ የሚደርሰው ሰው ስልክ ቁጥር። ጠባቂው «ለሊቀ መንበሩ ይሁን» ይላል፤ ሊቀ መንበሩ «ለመካኒኩ ይሁን» ይላሉ፤ መካኒኩ ደግሞ የትራንስፖርቱን ወጪ ማን እንደሚከፍል ሳያውቅ ቁጥሩን ለመስጠት አልፈቀደም።