የገበታን ጉድለት የሚሞላ ማባያ

የቤት እመቤት ስለ ወጥ ብዙ ታስባለች፤ ስለ ማባያ ግን የምታስበው ጥቂት ነው። እዚህ ላይ ማባያ ስንል ዋናውን ወጥ ሳይሆን፥ በገበታ ዳር በትንሽ ሳህን የሚቀርበውን ዳጣ፣ አዋዜ፣ ስናፍጭ፣ ስልጆና እልበት ማለታችን ነው። ይህች ትንሽ ሳህን በብዙዎቻችን ቤት የምትመረጠው በልማድ ወይም በማቃጠሏ መጠን ነው። ነገር ግን ማባያ ሁለት ሥራ አለው፤ አንደኛው የምግብ ፍላጎትን መክፈት ሲሆን፥ ሁለተኛው ከዋናው ምግብ የጎደለውን መሙላት ነው። የመጀመሪያውን ሥራ ምላስ ወዲያው ያውቀዋል፤ ሁለተኛው ግን የመራጩን ማስተዋል ይጠይቃል።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት ወደ ጌዴኦ ምድር እንሂድ። ባንኮ ጎቲቲ በጌዴኦ ዞን በገደብ ወረዳ የምትገኝ፥ ስሟም በቡናዋ ምክንያት ባሕር ተሻግሮ የተሰማ ቀበሌ ናት። በጌዴኦ ጓሮ ግን ቡና ብቻውን አይቆምም፤ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ከእንሰት ጋር ጎን ለጎን ይበቅላል። ይህም ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈ የአዝመራ ጥበብ የሚታይበት የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ቡናው ወደ ገበያ ይወጣል፤ እንሰቱ ግን ቆጮ፣ ቡላና አሚቾ እየሆነ ቤተ ሰብን ይመግባል።

ቆጮ ተፍቆ፣ በጉድጓድ ተቀብሮና ብላሽቶ የሚዘጋጅ ስለ ሆነ ጣዕሙ ኮምጣጣ ነው። ኃይል ሰጪነቱ አያጠራጥርም፤ ሆዱ የጠገበ ገበሬ በእርሱ ሲያርስ ይውላል። ሆኖም ገንቢ ምግብና ቅባት በውስጡ እጅግ ጥቂት ነው። እንግዲህ ለእንዲህ ያለ ምግብ ምን ዓይነት ማባያ ይስማማዋል?

የደቡብ እናቶች መልሳቸው ዳጣ ነው። እሸት ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላና ጨው በድንጋይ ላይ አብረው ይደቆሳሉ፤ እንደየቤቱ ልማድም ኮሰረት ወይም ጤናዳም ይጨመርበታል። ይህ ምርጫ ማስተዋል አለበት። ቆጮው ራሱ ኮምጣጣ ስለ ሆነ ሌላ ኮምጣጣ አይፈልግም፤ የሚፈልገው መዓዛና እሸትነት ነው። ከሱቅ የተገዛ በአቼቶ የተዘፈዘፈ አትክልት ከቆጮ ጋር ቢቀርብ ኮምጣጣ በኮምጣጣ ላይ ይሆናል። ከዚህም በላይ ዳጣ በእሳት ስለማይበስል፥ ሙቀት የሚያጠፋው የእሸት ቃሪያ ቫይታሚን ሲ አይባክንም፤ ይህም ቫይታሚን በጥራጥሬና በጎመን ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዲቀበለው ይረዳል።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ስሕተት አለ። ዳጣ ጣፍጦ ቆጮውን ሲያስበላ፥ ልጁ በልቶ ጠገበ ብለን ልባችን ያርፋል። ሆዱ በእርግጥ ሞልቷል፤ ሰውነቱን የሚገነባው ምግብ ግን አልደረሰውም። በፍስክ ቀን አይብና ጎመን ከቆጮው አጠገብ ስለሚቀመጡ ጉድለቱ ይሸፈናል። ጾም ሲገባ አይቡና ቅቤው ይቀራሉ፤ በብዙ ቤትም በቦታቸው ሌላ ነገር ሳይተካ ዳጣው ብቻውን ይቀራል። ረቡዕና ዓርብን፥ ከዚያም 55 ቀን የሚሆነውን ዐቢይ ጾም ብንቆጥር፥ ይህ ጉድለት የአንድ ቀን ነገር አለመሆኑ ይታወቃል።

ለዚህ መድኃኒቱ ከራሳችን ጓዳ አለ። ስልጆ የሚሠራው ከሱፍ ውሃና ከባቄላ ዱቄት ነው፤ ሁለቱ አብረው እንደ ገንፎ ከበሰሉ በኋላ ቀዝቅዘው ስናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቅመም ይገባባቸውና ጥቂት ቀን ይብላላሉ። እልበትም በባቄላ ዱቄትና በአብሽ ይዘጋጃል። ሁለቱም እንደ ዳጣ አፍ ይከፍታሉ፤ በዚያ ላይ ጥራጥሬ ስለ ሆኑ ይገነባሉ። የሰሜኑና የመሐል አገሩ እናቶች ለጾም እንጀራ ያበጁት ስልጆ፥ ለደቡቡ ትኩስ ቆጮና ለተቀቀለ አሚቾም ይስማማል። ዳጣውን እንተው ማለታችን አይደለም፤ ከእርሱ ጎን አንዲት የእልበት ሳህን ትጨመር ማለታችን ነው።

ለዳቦ የሚሆነው ደግሞ ሌላ ነው። ልጆች ምሳ ይዘው ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ፥ በዳቦ መካከል የሚቀባው ማባያ ወፈር ያለ ሊሆን ይገባዋል፤ ቀጭን ከሆነ ዳቦውን አርሶ ያበላሸዋል። የተፈጨ ምስር ወይም ሽምብራ ተቀቅሎ፥ በላዩ ጥቂት ስናፍጭ ቢቀባ መልካም የጾም ሳንድዊች ይሆናል። ስናፍጭ የሚነቃው በቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ የፈላ ውሃ ቢፈስበት ኃይሉ ይጠፋል። ስለዚህ በቀዝቃዛ ውሃ ተለውሶ ጥቂት ደቂቃ ይቆይና ከዚያ ዘይትና ጨው ይግባበት። ሕንዶች ቸትኒ የሚሉት፥ ከፍራፍሬ ወይም ከቅጠላ ቅጠል የሚሠራ ማባያም እንዲሁ ለደረቅ ዳቦ ይስማማል። አቼቶ የገባበት አትክልትም ቦታው እዚህ ነው፤ ዳቦ ኮምጣጣነት ስለሌለው ይቀበለዋል። በበርበሬ ቀልቶ በቀረበ ወጥ ላይ ግን ሌላ የሚያቃጥል አዋዜ መጨመር ገበታውን አያሳምርም፤ እንዲህ ላለው ወጥ ለስላሳ ሰላጣ ይበጃል።

ስለ ቡናም አንድ ቃል እንጨምር። እንደ ባንኮ ጎቲቲ ባለ የቡና አገር፥ ምግብ እንደ ተበላ ስኒው ይከተላል። ቡና ግን ከምግብ ጋር ሲጠጣ ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳል። በተለይ ነፍሰ ጡሮችና ወጣት ሴቶች ከምግብ በኋላ ታግሰው ቆየት ብለው ቢጠጡ፥ የቃሪያውና የጥራጥሬው ጥቅም ከንቱ አይቀርም።

ከምርጫ ቀጥሎ ያለው አያያዝ ነው። ብዙዎች ዳጣው እንዲቆይ በማለት ዘይት ያፈሱበትና በመደርደሪያ ላይ ያስቀምጡታል። ዘይት አየርን ስለሚከለክል ሻጋታን ያዘገያል፤ ነገር ግን አየር በሌለበት የሚያድግና ቦቱሊዝም የሚባለውን ጽኑ የመመረዝ ሕመም የሚያመጣ ተሐዋሲ አለ። መኖሪያው አፈር ስለ ሆነ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ወደ ብልቃጥ ሊገባ ይችላል። በ1985 እ.ኤ.አ. በካናዳ በቫንኩቨር ከተማ፥ በዘይት ውስጥ ሆኖ ከማቀዝቀዣ ውጭ የቆየ ነጭ ሽንኩርት የተመገቡ 36 ሰዎች በዚህ ሕመም ተይዘዋል። መርዙ በመልክም ሆነ በጠረን ላይታወቅ ይችላል። ስለዚህ ዳጣ ለጥቂት ቀን የሚበቃ ያህል ብቻ ይዘጋጅ፤ ማቀዝቀዣ ባለበት ቤት በማቀዝቀዣ ይቀመጥ፤ በሌለበት ቤት ለዕለቱ የሚበቃው ብቻ ይደቆስ። ሎሚ ቢጨመርበት ጣዕሙን ያሳምረዋል፤ በግምት የጨመቅነው ሎሚ ግን ለረጅም ጊዜ ማቆያ ዋስትና አይሆንም።

ለአዋዜ የሚሆነውም በርበሬ ተፈጭቶ ከተገዛው ይልቅ ዛላውን ገዝቶ ማስፈጨት ይሻላል። ዛላው በዓይን ይመረመራል፤ የሻገተው ይጣላል። ሻጋታ የሚተወው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ በቤት ምድጃ አይጠፋምና።

በመጨረሻም ጨው በልክ ይሁን። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ጎልማሳ በቀን ከ5 ግራም በታች፥ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጨው እንዲበቃው ይመክራል። ማባያ ደግሞ ጨው በብዛት የሚገባበት ነው። የደም ግፊት ላለባቸው አረጋውያን ጨው የሌለበትን ቀድሞ ቀንሶ ማስቀመጥ፥ ለሕፃናትም ቃሪያው ከመግባቱ በፊት ከእልበቱ ማውጣት ብዙ ድካም የሌለበት ጥንቃቄ ነው።

እንግዲህ ነገ ገበታው ሲቀርብ፥ ትንሿን ሳህን ከማንሣታችን በፊት ትልቁን እንመልከት። ኮምጣጣ ከሆነ መዓዛ እንስጠው፤ ደረቅ ከሆነ እናለስልሰው፤ የሚያቃጥል ከሆነ እናብርደው፤ ገንቢ ምግብ ከጎደለው ደግሞ ባቄላውንና ምስሩን እናቅርብለት። ማባያ እንዲህ ሲመረጥ ገበታውን ያጣፍጣል፤ ቤተ ሰቡንም ይመግባል።