ይቀመጥ ወይስ ይጠጣ

በአሜሪካ አገር በኬንታኪ ግዛት በሉዊቪል ከተማ አጠገብ ስቲትዘል ዌለር የተባለ የውስኪ ፋብሪካ ነበረ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1935 ተከፍቶ፥ በ1972 ከቫን ዊንክል ቤተ ሰብ እጅ ወጣ፤ በ1992 ማውጣቱን አቆመ። በቆሎውን ከስንዴ ጋራ አዋሕዶ ያወጣው የነበረው ቡርበን ለስላሳ ነው ስለሚባል፥ የተረፈው ጠርሙስ ዋጋ እጅግ ንሯል። ስለዚህም ያገኘው ሰው ሁሉ ቈልፎ ያስቀምጠዋል።

ነገር ግን ውስኪ የሚበስለው ውስጡ በእሳት በተለበለበ የባሉጥ በርሜል ሳለ ነው እንጂ፥ ጠርሙስ ከገባ በኋላ ሃያ ዓመት ቢቈይ አይሻሻልም። እንዲያውም ቡሹ ሲደርቅ መጠጡ እየተነነ ይጐድላል።

ለትርፍ የሚያስቀምጠውን ነጋዴ አንነቅፍም። እኛ ግን በፍርድ ቤት የሟች ንብረት ስንመዘግብ፥ ማኅተሙ ያልተነካ ጠርሙስ ብዙ ጊዜ ጽፈናል፤ ሟቹ ለየትኛው ደስታ እንዳቈየው የሚነግረን ወራሽ ግን አላገኘንም። ለልጁ ሠርግ ያሰበ አባት በሠርጉ ዕለት ይክፈተው፤ ዋጋው ጨመረ ብሎ ለልጅ ልጁ አያሻግረው።

ከተከፈተ በኋላ አየር ጣዕሙን ስለሚለውጠው፥ ለየእንግዳው በትንሽ መለኪያ ተቀድቶ በዚያው ሰሞን ቢያልቅ ይሻላል። ባዶው ጠርሙስም አታላይ ሌላ መጠጥ ሞልቶ እንዳይሸጥበት ይሰበር።