የእንቁላል ማምረቻ እጢ፦ ከየትኛው ህዋስ በቀለ?

ከስማዳ ወይም ከላይ ጋይንት ሆዷ እያበጠ የመጣች ሴት ጨጓራ ነው፣ ጉበት ነው ስትባል ልትከርም ትችላለች። ደብረ ታቦር ሆስፒታል ደርሳ በአልትራሳውንድ ስትታይ ግን የእብጠቱ ምንጭ አንዳንድ ጊዜ ኦቫሪ፣ ማለትም እንቁላል ማምረቻው ሆኖ ይገኛል።

ይህ አካል ርዝመቱ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በውስጡ ግን ጠባያቸው የተለያየ ህዋሳት ይኖራሉ፤ የእጢውም ጠባይ ከበቀለበት ህዋስ ይወረሳል።

እጅግ የሚያስደንቁት ከዘር ህዋሳት፣ ማለትም እንቁላል ከሚሆኑት የሚነሱት ናቸው። የዘር ህዋስ ማንኛውንም የሰውነት ክፍል የመሥራት አቅም ስላለው ደርሞይድ የሚባለው እጢ ሲከፈት ፀጉር፣ ስብ፣ ጥርስም ሳይቀር ይገኝበታል። እርግማንም ድግምትም አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜም ካንሰር አይደለም። የሚያሰጋው ከነግንዱ ሲጠማዘዝ ነው፤ ድንገተኛ ብርቱ የጎን ሕመምና ትውከት ሲመጣ ለነገ የሚባል ነገር የለም። ከዚሁ ወገን ካንሰር የሚሆኑትም በአብዛኛው ልጃገረዶችንና ወጣቶችን ይይዛሉ፤ ለኬሞቴራፒ ግን በሚገባ ይሸነፋሉ። ማህፀንና ሌላኛው ኦቫሪ ተርፈው ልጅ መውለድ የሚቻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከኦቫሪው ሽፋን የሚነሱት ሌላ ናቸው። ከ10 የኦቫሪ ካንሰሮች 9 ያህሉ ከዚህ ወገን ሲሆኑ በብዛት የሚታዩት ካረጡ እናቶች ላይ ነው። እጅግ ክፉ የሆነው ዓይነት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከማህፀን ቱቦው ጫፍ እንደሆነ የታወቀው በቅርብ ዓመታት ነው። ሆድ ሰፊ ስለሆነ ይደበቃል፤ ምልክቶቹም እነዚህ ናቸው፦ መነፋት፣ በትንሽ እህል መጥገብ፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት። የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ይህን አያሳይም።

ሆርሞን ከሚሠሩት ህዋሳት የሚነሱት ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ ያረጠችን ሴት ሊያደሙ፣ የሕፃን ልጅን ጡት ያለ ጊዜው ሊያወጡ፣ አልፎ አልፎም ጢም ሊያበቅሉ ይችላሉ። ከጨጓራ ተሰራጭቶ ኦቫሪ ላይ የሚያርፍ ካንሰርም አለ።

እንግዲህ እጢው ወጣ ማለት ሕክምናው አለቀ ማለት አይደለም። የወጣው ሥጋ በፎርማሊን ተቀምጦ በፓቶሎጂ ባለሙያ በማይክሮስኮፕ ካልታየ፣ ታካሚዋ ኬሞቴራፒ ያስፈልጋት እንደሆነና የትኛው እንደሚስማማት መወሰን ይቸግራል። እናታችሁ ወይም እህታችሁ እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና ካደረገች ናሙናው መላኩን ጠይቁ፤ ውጤቱንም ሳትቀበሉ አትቅሩ። ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር ሪፈር ስትባልም የውጤቱን ወረቀት ይዛ ትሂድ።