መችቡሱን ማን ሠራው?

ነገሩ በመካከላችን ይቅርና፣ ኩዌት ውስጥ ዓርብ ምሳ ላይ ጃብሪያ ወይም ሰልዋ ሰፈር ካለ ቪላ ተጋብዛችሁ «የአያቴ ሙያ ነው» ተብሎ የሚቀርብላችሁን መችቡስ የሚባል የሩዝ ምግብ አብዛኛውን ጊዜ የአያትየዋ እጅ አልነካውም። ቀምሳዋለች፤ «ጨው አንሶታል» ብላ ይሆናል። የሠራችው ግን በጓሮ በኩል ባለው ወጥ ቤት ከማለዳ ጀምሮ የቆመች የደሴ፣ የጅማ ወይም የህንዷ የኬራላ ልጅ ናት።

እኛ ጓዳውን የምናውቅ ይህን የምናወራው ለሐሜት ብቻ አይደለም፤ ሐሜቱም አይቀርም እንጂ። መችቡስ የኩዌት ኩራት ነው። ሥጋው ወይም ዶሮው በሄል፣ በቀረፋ፣ በቅርንፉድና በደረቀ ጥቁር ሎሚ ይቀቀላል፤ ይወጣና ይጠበሳል፤ ሩዙ በዚያው መረቅ ይበስላል። ከላይ «ሐሹ» የሚሉት ይነሰነስበታል፦ ጥቁር ቡናማ እስኪሆን የተቁላላ ሽንኩርት፣ ዘቢብና ክክ። ከጎኑ ደጉስ፣ ማለትም የቲማቲምና የነጭ ሽንኩርት ስልስ ይቀመጣል። እስቲ አሁን የኩዌት የሆነውን ፈልጉ። ባስማቲው ከህንድ ወይም ከፓኪስታን ነው፤ ቅመሙ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው፤ በጉም ብዙ ጊዜ ከአውስትራሊያ በመርከብ የተጫነ ነው። ባሕሯ የሰጣት እንደ ዙበይዲ ያለውን ዓሣ ነው፤ እሱም ቢሆን ያለ ህንድ ቅመም አይበላም።

ይህ አያሳፍርም፤ ታሪካቸው ነው። ነዳጅ በ1946 (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) መርከብ ላይ መጫን ከመጀመሩ በፊት የኩዌት ወንድ ኑሮው ዕንቁ ጠልቆ ማውጣትና መርከብ ነበር። ቡም በሚባሉት ትልልቅ የእንጨት መርከቦች የባስራን ቴምር ጭነው ወደ ካራቺ፣ ወደ ቦምቤይና ወደ ማላባር ይጓዛሉ፣ አንዳንዶቹም እስከ ዛንዚባር ይወርዳሉ፤ ሲመለሱ እንጨት፣ ሩዝና ቅመም ያመጣሉ። እስከ 1961 ድረስ በሙባረኪያ ገበያ የሚመነዘረው ገንዘብ ራሱ ሩፒ ነበር። የህንዱ ቢሪያኒ ከመችቡስ ጎን ሲቀርብ «እንግዳ ነው» የሚል ሰው የማይኖረውም ለዚህ ነው።

ግብፆቹ ደግሞ በ1940ዎቹ መምህራን ሆነው መጡ፤ በኋላ ሐኪሙም፣ መሐንዲሱም፣ የፎቅ ጠባቂው ሃሪስም ተከተለ። ዛሬ ከህንዶች ቀጥሎ ትልቁ የውጭ ማኅበረሰብ እነሱ ናቸው። ጠዋት ሐወሊ ወይም ኸይጣን ሰፈር ብትወጡ ፉሉና ጣዕሚያው ከሩቅ ይሸታል። ወደ ቤት የገባው ምግባቸው ግን ሌላ ነው፦ መከሮና ቤሻሜል። የቤቱ እመቤት፣ ማዳም፣ «የእኛ ነው» ብላ ለልጆቿ የምታሠራው ይህ ምግብ ከካይሮ የመጣ ነው። ካይሮስ ከየት አገኘችው? መኮሮኒው ከጣሊያን፣ ነጩ ስልስ ከፈረንሳይ። ኮሸሪያቸውም ያው ነው። ሩዝና ምስሩ የህንድ ኪችሪ ዘመድ ነው ይባላል፤ መኮሮኒው የጣሊያን ነው፤ ቲማቲሙ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው። ይህን ለሃሪሱ እንዳትነግሩት። ይቆጣል።

የእኛዋ ልጅ ወደዚህ ወጥ ቤት ስትገባ ባዶ እጇን አይደለችም። ፓስታን ከጣሊያን ዘመን ጀምሮ እናውቃታለን፤ ሳምቡሳም ፉልም ከቤቷ ነበሩ። በረመዳን የሚፈለገው ተሽሪብ፣ በመረቅ የራሰ ዳቦ፣ ለእሷ ፍትፍት ነው፤ ጅሪሽ የሚሉት ቅንጬ ነው። ስለዚህ ቶሎ ትለምዳለች፤ ለምዳም ዝም አትልም። የሐሹውን ሽንኩርት መጀመሪያ ያለ ዘይት ታበስላለች፣ እናቷ ለዶሮ ወጥ እንደምታቁላላው። ደጉሱ ላይ ከሻንጣዋ የወጣ በርበሬ ቆንጠር አድርጋ ትጨምራለች። ከዚያ በኋላ ልጆቹ የሌላ ቤት ደጉስ አይጥማቸውም። እንግዳ ምስጢሩን ሲጠይቅ ማዳም «ትንሽ የህንድ ቃሪያ» ትላለች። ጓዳ ያለችው ትስቃለች።

የማይሳቅበትም አለ። በ2015 የወጣው የኩዌት ሕግ ቁጥር 68 ለቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን እረፍት፣ በቀንም ከ12 ሰዓት ያልበለጠ ሥራ ደንግጓል፤ በቀጣዩ ዓመት ዝቅተኛው ደመወዝ 60 ዲናር እንዲሆን ተወሰነ። እረፍት ሁሉም የሚመኘው ዓርብን ነው። ዓርብ ደግሞ ልጅ፣ የልጅ ልጅና አማች ሁሉ ተጠራርቶ አያት ቤት ምሳ የሚበላበት ቀን ነው፤ ትልቁ ድስት የሚጣደው ያን ቀን ነው። በረመዳን ሌሊቱም ይጨመራል፦ ከኢፍጣር በኋላ ጠረጴዛው ሳይነሳ የእኩለ ሌሊቱ ጋብጋ ይመጣል። ሐሪስ የሚባለው የስንዴና የሥጋ ገንፎም፣ ጅሪሹም፣ ጣፋጩ ሉቀይማትም ለጎረቤት በሳህን በሳህን ይላካል፤ ምስጋናው ተመልሶ የሚደርሰው ለማዳም ነው።

ለእኔ የሚከነክነኝ ይህ ሁሉ ሙያ «የቤት ሥራ» ተብሎ መጠቅለሉ ነው። ለሠላሳ እንግዳ መችቡስ አውጥታ ያቀረበች ሴት አገሯ ስትገባ ሙያ እንደሌላት ትቆጠራለች። ልትሄጂ ሻንጣ ያዘጋጀሽ እህቴ፣ ሥራሽ ወጥ ቤት ከሆነ ከመፈረምሽ በፊት ኮንትራቱ ላይ «ምግብ አብሳይ» ተብሎ እንዲጻፍልሽ ጠይቂ። አዲስ አበባ ላይ የዓረብ ምግብ ቤት የምትከፍቱ ደግሞ ከውጭ ሼፍ ከማስመጣታችሁ በፊት ከኩዌት የተመለሱትን አስቀምሱን በሏቸው፤ ደመወዛቸውንም እንደ ሼፍ ክፈሉ።