ቢጫው መብራት የሚናገረውና የማይናገረው

በየማለዳው ከኢስትሊ ወደ ትምህርት ቤት የምታመጣን ቶዮታ ፕሮቦክስ በጥር ወር ዳሽቦርዷ ላይ ቢጫ የሞተር መብራት አበራች። ባለቤቷ የክፍል ጓደኛችን አባት ናቸው፤ ቤተሰባቸው የሚተዳደረው በእሷው ነው። ጋራዥ ወስደው የኦክስጅን ሴንሰር አስቀየሩ። በሳምንቱ መብራቱ ተመልሶ በራ። ሌላ ሴንሰር ግዙ ሲባሉ እኛ የፊዚክስ ክበብ አባላት ጉዳዩን ያዝነው።

በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ኮድ ማንበቢያ ተውሰን ከመሪው በታች ባለው ባለ 16 ቀዳዳ መሰኪያ ላይ ሰካነው። የወጣው ኮድ ፒ 0171 ነበር። ትርጉሙ «ከሚገባው አየር አንጻር ቤንዚኑ አንሷል» ነው እንጂ «ሴንሰሩ ተበላሽቷል» አይደለም። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። የኦክስጅን ሴንሰሩ ጭስ መውጫው ላይ ተቀምጦ የተረፈውን ኦክስጅን ይመሰክራል፤ ምስክር ቢቀየር ነገሩ አይቀየርም።

የመኪናው ኮምፒውተር ይህን ሲሰማ ቤንዚን ይጨምራል። ስንት በመቶ እንደጨመረ ስልኩ ላይ ይታያል። በጤነኛ ሞተር ቁጥሩ ለዜሮ የቀረበ ነው። የእኛዋ በሚኒሞ 28 አሳየች። ነዳጅ ሰጥተን 2500 ዙር ላይ ስናቆያት ግን ወደ 6 ወረደ። በዚህ ጊዜ ተያየን። ሞተሩ በሚኒሞ የሚስበው አየር ጥቂት ስለሆነ ከስንጥቅ የሚሾልከው ጎልቶ ይታያል፤ ብዙ ሲስብ ይዋጣል። ቁጥሩ ከዙሩ ጋር ቢጨምር ኖሮ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ወይም የደከመ የቤንዚን ፓምፕ በጠረጠርን ነበር።

ቀዳዳ ለማግኘት ሞተሩ ላይ ቤንዚን የሚረጩ አሉ። እሳት ነውና እኛ አልሞከርነውም። ጆሯችንን አቅንተን ፉጨቱን ተከተልን፤ ከዚያ ሞተሩን አጥፍተን፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን ቱቦዎቹን አንድ በአንድ አጠፍናቸው። የሞተሩን የውስጥ ጋዝ ወደ ማኒፎልድ የምትመልሰው ትንሽ የጎማ ቱቦ ከታጠፈችበት ሥር ተሰንጥቃ ነበር። ከላይ ሲያዩአት ደህና ትመስላለች።

አዲሷን ከኪሪንያጋ መንገድ ገዛን፤ ከሴንሰሩ ዋጋ ሩቡን እንኳ አልፈጀችም። ኮዱን ያጠፋነው ቁጥሮቹን ሁሉ ደብተር ላይ ከጻፍን በኋላ ነው፤ ቀድሞ ማጥፋት ማስረጃን ማጥፋት ነው። (መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን ምርመራው ይቆይ፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ማርሚታ እየሄደ ሊሆን ስለሚችል መኪናውን ማቆም ነው።)

አሁን በሚኒሞ 3 ታነባለች። የመጀመሪያውን ሴንሰር መልሰን ልንፈትሸው ጋራዡን ጠይቀን ነበር፤ ጥለውታል።