አራት ድንጋይ የተሸከመ ስም

እንግሊዝ አገር በገባሁ ሰሞን «የቤተሰብ ስም» በሚለው ባዶ ቦታ የአባቴን ስም ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ በየቢሮው የሚጠሩት አባቴን ነው፤ አቤት የምለው እኔ። የሰው የቤተሰብ ስም ባየሁ ቁጥር ምንጩን ሳልጠይቅ የማላልፈው ለዚህ ነው።

ከሁሉም ልቤን የያዘው «ፌዘርስተንሆ» ነው። በእንግሊዝኛ እስከ 17 ፊደል ይፈጃል፤ ከጥቂቶቹ ባለቤቶቹ አንዳንዶቹ ግን «ፋንሾ» ብለው ይጨርሱታል። እኛም «እግዚአብሔር» ጽፈን «እግዜር ይስጥልኝ» እንላለንና አይገርመኝም። ምላስ ይቸኩላል፣ ጽሕፈት ይቆያል።

«ፌዘር» በዛሬው እንግሊዝኛ ላባ ነው። የጥንቱ ቋንቋ ግን ሌላ ይነግረናል፦ «አራት»። «ስተን» ድንጋይ፣ «ሆ» ደግሞ ወንዝ ዳር ያለ ለጥ ያለ መሬት ነው። ስሙ የወጣበት ቦታ በሰሜን እንግሊዝ፣ ኖርዘምበርላንድ ውስጥ፣ ሳውዝ ታይን ወንዝ አጠገብ ይገኛል። ኖርማኖች በ1066 እ.ኤ.አ. አገሩን ከያዙ በኋላ ባሉት ዘመናት ባለርስቶች በመሬታቸው ስም መጠራትን ለመዱ፤ ስሙም ከአባት ወደ ልጅ ይወርድ ጀመር።

ስምና ርስት ምን ያህል እንደተሳሰሩ አፕፓርክ የተባለው የሳሴክስ ርስት ያሳያል። የርስቱ ባለቤት ሰር ሃሪ ፌዘርስተንሆ በ1825፣ ከ70 ዓመቱ በኋላ፣ የወተት ቤት ሠራተኛውን ሜሪ አን ቡሎክን አገባ። እሷ በ1874 ስትሞት ርስቱን የወረሰችው እህቷ ፍራንሲስ ስሙንም አብራ ወረሰች።

ከስሙ ባለቤቶች የምወደው ጆርጅ ዊልያም ፌዘርስተንሆን ነው። ስሙ ድንጋይ፣ ሙያውም የድንጋይ ጥናት ነበር። በ1848 በፈረንሳይ የለ ሃቭር ወደብ የብሪታንያ ቆንስል ሳለ፣ ከዙፋኑ የወረደውን ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕን በመርከብ አሸሸው። ንጉሡን አጎቱ አስመስሎ «ሚስተር ስሚዝ» አለው። ስሚዝ ማለት አንጥረኛ ነው፤ በእንግሊዝ እጅግ የተለመደ ስም። ለመደበቅ የብዙዎች ስም ይበጃል፤ የጥቂቶች ስም ግን አገሩን ይናገራል።

አገር ቤት ብንሆን የአባቴ ስም ከልጅ ልጆቼ በኋላ ከአፍ በጠፋ ነበር። እዚህ ግን የልጆቼ የቤተሰብ ስም ሆኖ ቀርቷል። ትርጉሙንና አባቴ የተወለደበትን መንደር በደብተር ጽፌላቸዋለሁ፤ ምላሳቸው ቢያሳጥረውም መሬቱን እንዳያጡት።